በሊንግሆልም ያልተዘፈነው ዘፈን

የሰርጉ ማግስት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ዳይቫ ፎጣ ልታመጣ ወደ ጀልባ ቤቱ ወረደች። ጀልባዎች ወደ ባሕር በሚንሸራተቱበት የድንጋይ ቁልቁለት ሥር አንድ ጥቁር ኮት ውሃው ላይ ተነፍቶ አየች። ከእንግዶቹ አንዱ ሰክሮ የጣለው መሰላት። ልትጎትተው ጎንበስ ስትል ኮቱ ውስጥ ሰው ነበረበት።

መርማሪ አስገር ቪንዱም ከስቬንቦር ከተማ በፖሊስ ጀልባ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ረዳቱ ብሪት ቀድማ ዘላ ወረደች፤ እሱ ግን ቀስ አለ። በልጅነቱ እዚህ ደሴት ላይ የዱር ዳክዬ እንቁላል ይለቅም ነበር። አሁን ሊንግሆልም ሙሉውን ለአንድ ሰርግ የሚከራይ የሀብታም ደሴት ሆኗል፤ ስምህ ከዝርዝሩ ከሌለ ከጀልባ አያስወርዱህም።

ሐኪሙ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ።

«ጭንቅላቱ የቁልቁለቱን ብረት መቷል» አለ። «ደረቱ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል የበለዘ ቦታ አለ። ገፍተውታል ባይ ነኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ባለው ጊዜ።»

«ያን ጊዜ ሁሉም እራት ላይ ነበር እኮ» አለች ብሪት። «ስልሳ ሰው፣ አንድ አዳራሽ። ሟቹ ቪሊ ራስክ ይባላል። የሙሽራዋ አጎት፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰባ አንድ ዓመቱ።»

አስገር ሬሳው ላይ የተጣለውን ሸራ ገለጥ አድርጎ ፊቱን አየው። ስሙ ባይነገረው እንኳ ያውቀው ነበር። በዚያች ቅጽበት ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አለው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ደስታ ነበር። ወዲያው እስከ ጆሮው ቀላ።

«ታውቀዋለህ እንዴ አለቃ?» አለች ብሪት።

«መነጽር የለውም» አለ አስገር። «አፍንጫው ላይ የመነጽር ምልክት አለ። መነጽሩ የት ገባ?»

ስለ ሌላው ነገር አልመለሰላትም። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት፣ አስገር አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ጨርሶ በተመረቀ ቀን፣ በአገሩ ልማድ ስለ ባለ ድግሱ ተጽፎ፣ በወረቀት ለእንግዳ ታድሎ የሚዘፈነውን ዘፈን የጻፈው የክፍሉ መምህር ቪሊ ራስክ ነበር። ሦስተኛው ስንኝ አስገር በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ አልጋው ላይ መሽናቱን ይናገር ነበር። አርባ ሰው ወረቀት ይዞ ዘፈነው። እናቱም እየሳቀች ዘፈነችው። አስገር እስከ ዛሬ በሰው ድግስ ላይ ዘፈን ሲታደል መዳፉ ያልበዋል።

እንግዶቹ በነጩ ድንኳን ውስጥ ለቁርስ ተቀምጠው ነበር። አጃ ዳቦው ተቆርጦ፣ ዓሣው ቀርቦ፣ የሚበላ ሰው ግን አልነበረም። የሙሽራው እናት ሄንሪዬት፣ ድግሱን የደገሰችው ሴት፣ አስገርን ገና ከሩቅ ጠራችው።

«መርማሪ፣ ያቺን ሴትዮ ጠይቀዋታል? ያገኘችው እሷ። ብቻዋን የነበረችውም እሷ። እኛ ሁላችን እዚህ ነበርን።»

ዳይቫ በድንኳኑ በር ላይ የቡና ጀበና ይዛ ቆማ ነበር። ከሊትዌኒያ የመጣች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች ሴት ናት። አስገር ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅለት ፈለገ። ከዚያ ደሴት፣ ከዚያ ሬሳ ቶሎ መራቅ ፈለገ።

«ነይ እስቲ» አላት። «የሽርጥሽን ኪስ አራግፊ።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ጀበናውን አስቀመጠች። ሁለት የልብስ መቆንጠጫ፣ ግማሽ ብስኩት፣ ቁልፍ። ከዚያ ደግሞ ሰማያዊ ክር የታሰረበት ቡናማ መነጽር።

«የአጎቴ የቪሊ ነው!» ብላ ሙሽራዋ ሲኔ ጮኸች።

«ከመንገድ ላይ ነው ያነሣሁት» አለች ዳይቫ። «ትናንት ምሽት። እዚህ የወደቀ ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ወደ ቢሮ ልወስደው ነበር፤ ረሳሁት።»

«ስታነሺ ማን አየሽ?»

«እኔን?» አለች ዳይቫ። «እኔን እዚህ ማን ያያል?»

«አሥር ሰዓት ላይ ጀልባችን ይሄዳል፤ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ። እስከዚያ ከመጋዘኑ እንዳትወጪ።»

ሄንሪዬት በረጅሙ ተነፈሰች። ከጀርባ አንድ ሰው ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባት ጀመረ፤ የቢላዋው ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። ዳይቫ ግማሿን ብስኩት መልሳ ኪሷ ከተተችና ራሷን ቀና አድርጋ ወጣች። ፊቷ ግን አንገቷ ድረስ በርበሬ መስሎ ነበር። አስገር ያንን መልክ ያውቀዋል። አርባ ሰው ሲያይህ የሚመጣ መልክ ነው።

ውጭ ሲወጡ ብሪት ክንዱን ያዘችው።

«ሰው ፊት ማድረግ ነበረብህ?»

«ጊዜ የለንም።»

«ስምንት ሰዓት አለን! የሽማግሌው ቦርሳ እንደ ራሰ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱም እጁ ላይ። ለአሮጌ መነጽር ብላ ሰው ገደለች? አሥር ሰዓት ላይ እጇን ይዘህ ጀልባ ካሳፈርካት፣ ነገ ንጹሕ ናት ቢባል እንኳ በዚህ ባሕር ዙሪያ የሚቀጥራት የለም። ታውቃለህ አይደል?»

አስገር ያውቃል። እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው ካላገኘ፣ ያቺን ሴት የበላት እሱ ነው።

የድግሱ መሪ ኡፌ የሙሽራው የልብ ጓደኛ ነው። ንግግርና ዘፈን በየተራ የተጻፈበትን ዝርዝር እስካሁን ከኪሱ አልለየውም ነበር፤ አውጥቶ አሳያቸው። እያንዳንዱ መስመር ሰዓቱ ተጽፎበት፣ ሲያልቅ ተሰርዟል። ያልተሰረዘው አንድ ብቻ ነው፦ ቁጥር አሥራ አንድ፣ የአጎት ቪሊ ዘፈን።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?» አለ አስገር።

«ከቁጥር ስድስት በኋላ። አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። ‹ጀልባ ቤት ሄጄ መርከቦቼን ላሰልፍ› አለኝ። ዘፈኑን እያንዳንዱን ወረቀት ጀልባ አድርጎ አጥፎት ነበር። ስልሳ ጀልባ። በትሪ አድርጎ ሊያስገባቸው ነበር ያሰበው።»

«ጽሑፉን ያየ ሰው አለ?»

«የለም። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያባዛል፣ ረቂቁን ያቃጥላል። ሳይዘፈን በፊት ለሚስቱም አያሳይ ነበር ይባላል፣ ነፍሷን ይማርና።»

«ከዚያስ?»

«ቁጥር ሰባት የጓደኞቻችን ዘፈን ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ተጀምሮ ሁለት ሰዓት አለቀ። ቁጥር ስምንትን ከማስጀመሬ በፊት ጀልባ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ተራው ሊደርስ ነው ብዬ ጠራሁት። መልስ አልነበረም።»

«ገብተህ አላየህም?»

ኡፌ ጫማውን አየ።

«ያኮረፈ መስሎኝ። ፕሮግራም ሲዘገይበት ጥሎ ይተኛል፤ ሁለት ሰርግ ላይ እንዲሁ አድርጓል። አሥራ አንድ ቁጥር ሲደርስም ሁላችን አኩርፏል አልን።»

«ስልሳ ሰው፤ አንድም ሰው አልፈለገውም?»

«ኬኩ ቀረበ» አለ ኡፌ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ብሪት ከባሕሩ ዳር ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ መጣች። በእጇ ከባሕር አረም ጋር የተለወሰ ነጭ ነገር ይዛለች።

«የወረቀት ጀልባዎቹ» አለች። «ከቁልቁለቱ ሥር ተከምረዋል። ቀለሙ ሁሉ ታጥቧል፤ አንድ ፊደል አይነበብም። ሽማግሌውን ብቻ አይደለም አለቃ፤ ዘፈኑንም አስጥመውታል።»

አስገር ያን የተለወሰ ወረቀት እያየ ቆየ። ለመነጽር ሰው አይገደልም። ለዘፈን ግን... አንድ ጊዜ አሥራ አራት ዓመቱ እያለ፣ በዚያች ቀን፣ እሱ ራሱ ምን ተመኝቶ እንደነበር ትዝ አለው።

«ዘፈኑን የፈራ ሰው እንፈልግ» አለ።

የፈራ ሰው ለማግኘት አልተቸገሩም። ሄንሪዬት ከሰርጉ በፊት ከቪሊ ጋር ስትነታረክ ሦስት ሰዎች ሰምተዋል።

«አዎ፣ ተጣላሁት» አለች፣ እጇን አጣምራ። «ስለ መጀመሪያ ባሌ አንድ ስንኝ ብታስገባ ከዚህ ደሴት እየዋኘህ ነው የምትሄደው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹ስለ አንቺ አንድም ቃል የለበትም› አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ያ ደግሞ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።»

«ቁጥር ሰባት ሲዘፈን የት ነበሩ?»

ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። አንድ እንግዳ የቀረፀው ቪዲዮ ነው። ሄንሪዬት ከፊት ወንበር ላይ ቆማ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትዘፍናለች። ካሜራው የቀረውን ጠረጴዛ አያሳይም።

«ያቺን ሴትዮ...» አለች ሄንሪዬት አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ጠዋት የጠቆምኳት እኔ ነኝ። እሷ ካልሆነች፣ እባክዎ እንዳይነግሯት።»

«ሰምታለች እኮ» አለ አስገር።

አዳራሹ ከትናንት እንዳለ ነው፤ ፖሊስ እስኪያይ አይነካ ተብሏል። ስልሳ ሳህን፣ ስልሳ የደረቀ ብርጭቆ፣ የጠወለገ አበባ። በየቦታው ደግሞ አንዲት የጣት ቁመት ያላት ጠርሙስ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ብሪት።

«የጓደኞቹ ዘፈን፣ የኡፌ ቁጥር ሰባት። ተጠቅልሎ ጠርሙስ ውስጥ፣ አፉ በቀይ ሰም ታሽጎ። ሰሙን በቢላ ሰብረህ ታወጣለህ።» አስገር በድንገት ቆመ። «ብሪት፣ የዘፈነ ሰው ጠርሙሱን ከፍቷል። ያልከፈተ ሰው አልዘፈነም። ቁጠሪ።»

በሁለት አቅጣጫ ጀምረው ጠረጴዛውን ዞሩ። የተሰበረ ሰም፣ የተሰበረ ሰም፣ የተሰበረ ሰም። ስልሳ ቦታ ሲጨርሱ ሰማቸው ያልተነካ ሁለት ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ የሟቹ። ሌላው ከሙሽራዋ አጠገብ፣ የስም ካርዱ ላይ «ፕሬበን» ይላል።

«የሙሽራዋ አባት» አለች ብሪት። «የሟቹ ታናሽ ወንድም። የገዛ ወንድሙ?»

ከፕሬበን ሳህን አጠገብ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። ብሪት በጓንት ገለጠችው። ኡፌን ጠሩት።

«እሱ ንግግሩ ነው» አለ ኡፌ። «የሙሽራዋ አባት መጀመሪያ ይናገራል፤ ቁጥር አንድ። በጣም ቆንጆ ንግግር ነበር። አሥር ደቂቃ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል አነበበ። ሰው ሁሉ አለቀሰ።»

ብሪት ወረቀቱን ወደ አስገር አዞረችው። የጀልባ ሞተር ዘይት እንዴት እንደሚቀየር የሚያስረዳ መመሪያ ነበር።

የሙሽራዋ ቤተሰብ ያደረው በስተ ምሥራቅ ባለችው ትንሽ ቤት ነው። ፕሬበን በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የልጁን የሰርግ ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በጭፈራ የተቀደደውን ጫፍ ይሰፋ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በደሴቶቹ መሃል ዕቃ በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ሲሆን፣ ሸራ መስፋት ከእጁ አልወጣም። ሚስቱ ዩቴ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን ታሻለች።

«ወንድምዎን በማጣትዎ አዝናለሁ» አለ አስገር።

«አመሰግናለሁ» አለ ፕሬበን። ክሩ አለቀበት። አዲስ ክር ቆረጠ፣ በምላሱ አረጠበ፣ በዚያች በቀጭኗ መርፌ ቀዳዳ በአንድ ሙከራ አሳለፈው። አስገር ቀዳዳዋን ጭራሽ ማየት አልቻለም።

«ለሥርዓቱ ያህል፣ ጠዋት ለብሪት የሰጡት ቃል ነው። አንብበው ይፈርሙልኝ።»

ፕሬበን ኪሱን ዳበሰ። «መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ዩቴ፣ አንብቢልኝ።»

ዩቴ አነበበችለት። እሱ ፈረመ። ፊርማው ሰፊና ጥንቁቅ ነበር፣ ሥዕል ይመስል።

«ወይዘሮ ዩቴ» አለ አስገር፣ «የጓደኞቹ ዘፈን ሲዘፈን ባለቤትዎ አጠገብዎ ነበሩ?»

«አይ፣ አየር ሊቀበል ወጥቶ ነበር» አለች ዩቴ፣ ሳታስብ። «ዘፈን ሲታደል ይወጣል፤ ልማዱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘፈን በታደለ ቁጥር...»

አፏን በእጇ ያዘች። መርፌዋ ቆመች።

ከባሕሩ የዳክዬ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፕሬበን የጀመራትን ስፌት ጨረሰ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ቀሚሱን በጥንቃቄ አጥፎ ለሚስቱ ሰጣት።

«ለሲኔ ስጫት» አለ። ከዚያ ለአስገር፦ «ጀልባ ቤቱ ጋ እንሂድ። እዚህ አይሆንም።»

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሁለቱ ብቻ ቆሙ። ብሪት በሩ ላይ ቀረች።

«ማንበብ አይችሉም» አለ አስገር።

ፕሬበን የተመታ ያህል ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነገረህ?»

«መርፌዋ።»

«ልጄ አታውቅም» አለ ፕሬበን። «ልጄ! ማታ ማታ መጽሐፍ ይዤ ተረት አነብላት ነበር፤ ሁሉንም ከራሴ ፈጥሬ። ‹ትናንት እንዲህ አላለም ነበር እኮ አባዬ› ስትለኝ፣ ‹ገጹን ስተሽ ነው› እላት ነበር።» ሊስቅ ሞከረ። «ያ ሁሉ የተማረ ሰው ትናንት ተቀምጧል። የሙሽራው እናት፣ ዳኞች፣ ሐኪሞች። ንግግሬን ስድስት ሳምንት በቃሌ አጠናሁት። አለፈልኝ ብዬ ወጣሁ። እዚህ ስገባ ቪሊ ጀልባዎቹን ያሰልፋል።»

«ከዚያ?»

«ወንድሜ አስተማሪ ነው፤ ልጅ እያለን በማንኪያ ጣቴን እየመታ ፊደል ሊያስቆጥረኝ ሞክሮ ነበር። ያውቃል። ከዩቴ በቀር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንዷን ጀልባ አንሥቼ ገለጥኳት። ስሜን የትም ባያት አውቃታለሁ። ስሜ አለ። ከስሜ ቀጥሎ ‹አይችልም› የሚለው አለ። ከዚያ ያቺ ቃል። ያቺን ቃል ከሁሉ በላይ ነው የማውቃት፤ ዕድሜ ልኬን ስሸሻት የኖርኩ። እንዳልተሳሳትኩ ልይ ብዬ የቪሊን መነጽር ከሣንቃው ላይ አንሥቼ አደረግሁት። ዓይኔ ደኅና ነው እኮ፤ ግን ምናልባት ፊደሎቹ በመነጽር ዝም ብለው ይቆሙ ይሆናል አልኩ።»

«ምን አሉት?»

«‹አውጣው› አልኩት። ሳቀ። ‹ለምን? ወደቡ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር! ያኔ የሳቁት ሁሉ ዛሬም ይሳቁ› አለኝ።» የፕሬበን ድምፅ ተሰበረ። «ወደቡ ሁሉ! አርባ ዓመት ደብቄዋለሁ ብዬ ስኖር! በዚህ በመዳፌ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሲወድቅ ብረቱ ጮኸ። ጀልባዎቹን በክንዴ ጠርጌ ባሕር ውስጥ ከተትኳቸው። መነጽሩ ገና ፊቴ ላይ ነበር፤ መንገድ ላይ አውልቄ ጣልኩት።»

«ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ?»

«ከልጄ ጋር ጨፈርኩ» አለ ፕሬበን። ይህን ሲል ወደ አስገር ማየት አልቻለም፤ ወደ ውሃውም ማየት አልቻለም። «እዚህ ታች እሱ እያለ፣ እኔ ቫልስ ጨፈርኩ። ያቺ ሴትዮ ጠዋት ኪሷን ስታራግፍም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ።»

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ከተተ። ብሪት አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰች፤ አስገር በዓይኑ አቆማት። ፕሬበን ያወጣው የጀልባ እጥፋት ያለበት አንድ ወረቀት ነው።

«የገለጥኳት ናት» አለ። «የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ይዣት አደርኩ። ዩቴን እንዳልጠይቃት... ማንን እጠይቃለሁ? አንተ አንብብልኝ። ሌላ ምን እንዳለ ልስማ።»

አስገር ወረቀቱን ተቀበለ። የቪሊን የእጅ ጽሑፍ ያውቀዋል፤ ያ ጥርት ያለ፣ የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ። መዳፉ አላበው። አነበበ። መልሶ አነበበ።

በእነሱ ቋንቋ ማንበብ ‹ሌሴ› ነው፤ መጫን ደግሞ ‹ለሴ›። እኛ ላልቶና ጠብቆ በአፋችን የምንለየውን ነገር እነሱ ወረቀት ላይ ፊደሉን ደግመው ይለዩታል፤ ‹ስ› አንድ ከሆነች ማንበብ ነው፣ ሁለት ከሆነች መጫን። ወረቀቱ ላይ ሁለት ‹ስ› ነበሩ።

ሊዋሽ አሰበ። ያየኸው ልክ ነው፣ አዋርዶሃል ቢለው ይህ ሰው ቢያንስ ምክንያት ይኖረዋል። ግን ዛሬ ጠዋት ዝም ብሎ የዋሸው በቃው።

«‹ማንበብ› አይልም» አለ። «‹መጫን› ነው የሚለው፤ ‹ስ›ዋ ሁለት ናት።»

«ምን?»

አስገር እንዲህ ብሎ አነበበ፦

«ወንድሜ ፕሬበን መጫን አይችልም፣
ፒያኖ ወደብ ላይ ጥሎ አልደነገጠም፤
ዓሣው ተሰብስቦ ሙዚቃ ሲማር፣
እኛ በክርስትናው በአፍ ስንዘምር።
ግን አንድ ጭነት አለ፣ ጥሎት የማያውቅ፣
ልጁን አድርሷታል፣ ሳትረጥብ፣ ሳትወድቅ።»

ፕሬበን ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ።

«ፒያኖው» አለ። «ሲኔ ክርስትና የተነሣች ቀን... ለድግሱ ፒያኖ ስጭን ከነገመዱ ወደብ ውስጥ... ወደቡ ሁሉ ቆሞ ስቋል። እኔም ስቄያለሁ። እኔ ራሴ እኮ ስቄያለሁ!» ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ድገመው። መጨረሻዋን ድገማት።»

አስገር ደገመለት።

«ሳትረጥብ፣ ሳትወድቅ» አለ ፕሬበን፣ እንደ ጸሎት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ አስገርም እጁን ትከሻው ላይ ለማሳረፍ አነሣና ለዚያ የሚበቃ ሰው መሆኑን ስላላመነ መለሳት።

አሥር ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንግዶቹ ሁሉ ወደቡ ላይ ነበሩ። አስገር መጋዘኑን ራሱ ሄዶ ከፈተ። ዳይቫ ፎጣዎቹን ሁሉ አጥፋ ደርድራ ጨርሳ ነበር።

«ልሄድ ነው?» አለችው።

«አብረን እስከ ወደቡ እንውረድ።»

እንግዶቹ መሃል ሲደርሱ ቆመ። ድምፁ ሲወጣ ራሱን አስደነገጠው።

«ወይዘሮ ዳይቫ፣ ጠዋት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። እርስዎ ምንም አላደረጉም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሄንሪዬት ወደ ባሕሩ ዞረች። ዳይቫ ቀና ብላ አየችው።

«አሁን ደግሞ ‹እርስዎ› ሆንኩ?» አለች። «ጠዋት ኪሴን ስታስራግፈኝ ‹አንቺ› ነበርኩ።»

«አዎ» አለ አስገር። «ነበሩ።»

«ጮክ ብለህ አዋረድከኝ፣ ጮክ ብለህ ይቅርታ አልክ። ደኅና። ሥራ አለብኝ» ብላ ሽርጧን አስተካክላ ዞረች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም፤ አስገርም አልጠበቀም።

ሲኔ አባቷ ወደ ጀልባው ሲገባ በሁለት ሰዎች ተይዛ ቆማ ነበር። «አጎቴን አልፈለግሁትም» ትላለች ደጋግማ። «አኩርፏል አልኩ፤ አልፈለግሁትም።» ፕሬበን ቀና ብሎ አላያትም።

ጀልባው ከወደቡ ሲርቅ ብሪት ማስታወሻዋን አወጣች።

«ሪፖርቱን ልጀምር?»

«ጀምሪ። መጀመሪያ ይህን ጻፊ፤ መርማሪው ሟቹን ከልጅነቱ ያውቀው ነበር፤ ቂምም ነበረው፤ ይህንንም ሳይናገር ሥራውን ጀመረ።»

ብሪት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። «ልጻፈው? አለቆች ያነቡታል።»

«እንዲያነቡት ነው።»

ዘፈኑ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በአስገር ጉልበት ላይ ነበር። ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ፕሬበን ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። የታሰሩ እጆቹን አንሥቶ፣ ጣቱን ከመጀመሪያው ስንኝ ሥር አኑሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ ሄደ። ስሙ ጋ ደረሰ፣ አለፈው። ያቺ ቃል ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

አንድ፣ ሁለት ብሎ ‹ስ› የሚሉትን ፊደሎች ቆጠረ። ጣቱን መልሶ ደግሞ ቆጠረ።